የኢሙሌተር ባግ ማሳደድ ለጀማሪ፦ ስክሪኑን ተዉት፣ መጀመሪያ የተለያዩበትን መስመር ፈልጉ

አራት ኪሎና አምስት ኪሎ አካባቢ ኮዲንግ የተማሩ ልጆች ስለ ኢሙሌተር (የአንድን ኮንሶል ሃርድዌር ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ጌሙን የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው) ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ሁሌም ያው ነው፣ ኮዱን አውርጄዋለሁ፣ ከፍቼዋለሁ፣ ከዛ ከየት ልጀምር? እውነት ነው ያስፈራል። ዶልፊንን (የጌምኪዩብና የዊ ኢሙሌተር) ወይ ፒሲኤስኤክስ2ን (የፕሌስቴሽን 2) ስትከፍቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የሲ ፕላስ ፕላስ መስመር ነው ፊታችሁ ድቅን የሚለው፣ አብዛኛው ሰው ሜይን የሚለውን ፋንክሽን ፈልጎ ከዛ ወደ ታች ማንበብ ይጀምራል፣ ትንሽ ይታገላል፣ ከዛ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዌብሳይት ስራው ይመለሳል። ከላይ ወደ ታች ማንበብ እዚህ ቤት አይሰራም። አንድ የተበላሸ ነገር ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ የምታነቡትም እሱ የሚነካውን ኮድ ብቻ ነው። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ኢሙሌተር ሲሮጥ ፕሮግራሙ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ኢሙሌተር ራሱ ነው፣ እሱን ሆስት ይሉታል። ሌላው ውስጡ የሚሮጠው ጌም ነው፣ ጌስት ይባላል፣ እሱ ምስኪን እውነተኛ ኮንሶል ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ጌሙ ቀጥ ሲል ኢሙሌተሩ ክራሽ አድርጎ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ኢሙሌተሩ ጤነኛ ሆኖ ጌሙ መቼም የማይመጣ ነገር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ያው የቆመ ስክሪን ናቸው፣ መሳሪያቸው ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ጂዲቢ ወይ ኤልኤልዲቢ የሚባሉትን ዲባገሮች (ፕሮግራምን እያቆሙ ውስጡን የሚያሳዩ መሳሪያዎች) ትከፍታላችሁ፣ ለሁለተኛው ኢሙሌተሩ ውስጥ ያለውን ዲባገር ነው የምትከፍቱት፣ የጌሙን ኢንስትራክሽን አንድ በአንድ የሚያሳየውን። ሰው በብዛት ጊዜ የሚያባክነው የሁለተኛውን ችግር በመጀመሪያው መሳሪያ ሲፈልግ ነው፣ ጂዲቢ ውስጥ ሆናችሁ ጌሙ ምን እያሰበ እንደሆነ ማወቅ ጭንቅ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ከፒያሳ ሜክሲኮ ሊሄድ የፈለገ ሰው ሳያውቅ የመገናኛ ታክሲ ውስጥ ቢገባ መሳሳቱ የሚገባው ምናልባት መገናኛ ሲደርስ ነው፣ ስህተቱ የተሰራው ግን ፒያሳ ነው፣ መገናኛ ቆሞ ዙሪያውን ቢያይ ምንም አያገኝም። ኢሙሌተር ላይም የተበላሸ ምስል ስታዩ እያያችሁ ያላችሁት መጨረሻውን ነው፣ ጥፋቱ ከዛ በፊት በሚሊዮን የሚቆጠር ኢንስትራክሽን ወደኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስራው እውነተኛው ሃርድዌርና የእናንተ ኢሙሌተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተለያዩበትን ነጥብ ማግኘት ነው። ከዚህ በታች የማወራው ነገር ሁሉ ወደዛ ነጥብ መድረሻ ዘዴ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ ያደገ ሰው መጀመር የሚፈልገው ከፕሌስቴሽን 2 ነው፣ ይገባኛል፣ ኳሱን የተጫወትነው እሱ ላይ ነው። ግን አይሆንም፣ ቢያንስ አሁን አይሆንም። ፕሌስቴሽን 2 ውስጥ ዋናው ፕሮሰሰር አለ፣ ሁለት ቬክተር ዩኒቶች አሉ፣ የግራፊክስ ቺፑ አለ፣ ድሮ የፕሌስቴሽን 1 ፕሮሰሰር የነበረው ደግሞ አይኦፒ ተብሎ ኮንትሮለርና ዲስክ ያስተዳድራል፣ የድምጽ ቺፕ አለ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሮጣሉ፣ ማን መጀመሪያ እንደተሳሳተ ለማወቅ እነዚህን ሁሉ ማወቅ ሊኖርባችሁ ነው። ከኒንቴንዶው ኔስ ጀምሩ፣ ጃፓን 1983 ላይ ፋሚኮም ተብሎ ከወጣው። ፕሮሰሰሩ 6502 የሚባለው የድሮ ፕሮሰሰር ዘመድ ነው፣ ፍጥነቱ 1.79 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ራሙ 2 ኪሎባይት። ቴሌግራም ላይ የምትላላኩት አንድ ስቲከር ከዚህ ይበልጣል። ትንሽ ስለሆነ ሙሉውን ጭንቅላታችሁ ውስጥ መያዝ ትችላላችሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ዲባግ ማድረግ ማለት ግማሹ እሱ ነው።

ለኔስ ኔስቴስት የሚባል ነጻ የቴስት ሮም (ሮም የጌም ካሴቱን ይዘት የያዘ ፋይል ነው) አለ፣ ኬቪን ሆርተን የሰራው። ጌም አይደለም፣ የፕሮሰሰሩን ኢንስትራክሽኖች በተራ የሚፈትን ፕሮግራም ነው። ወርቁ ግን ሮሙ አይደለም፣ አብሮት የሚሄደው የሎግ ፋይል ነው። 8991 መስመር ነው፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ኢንስትራክሽን ሊሰራ ሲል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ይናገራል፣ አድራሻው፣ ኤ፣ ኤክስና ዋይ የሚባሉት ሬጂስተሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማስቀመጫዎች)፣ ፍላጎቹ (አዎ ወይ አይ የሚሉ ቢቶች)፣ ስታክ ፖይንተሩ (ስታክ የሚባለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ጫፉ የት እንዳለ የሚያሳየው)፣ ሳይክሉ (የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት ቁጥር)። እናንተ የምታደርጉት ኢሙሌተራችሁን በሄክስ (በ16 የሚቆጠር የቁጥር አጻጻፍ) ሲ000 ከሚባለው አድራሻ አስጀምሩትና በተመሳሳይ ፎርማት ሎግ እንዲያወጣ ማድረግ ነው፣ ከዛ ሁለቱን ፋይሎች በዲፍ (ፋይሎች የሚለያዩበትን መስመር የሚያሳይ መሳሪያ) ማወዳደር። ስክሪን አያስፈልግም፣ ግራፊክስ ጭራሽ ባትጽፉም ይሰራል። መጀመሪያ የተለያየው መስመር ላይ ዲፉ ራሱ ያቆማችኋል።

እዚህ ጋ ቀስ ብለን አንዷን እንያት፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ናት። ሎጉ ገና ሳይራዘም አንድ ቦታ ላይ ፕሮግራሙ ፍላጎቹን ስታክ ላይ ይገፋል፣ ኢንስትራክሽኑ ፒኤችፒ ይባላል (ዌብሳይት የሚሰራበት ቋንቋ አይደለም)፣ ወዲያው ፒኤልኤ በሚባለው ደግሞ የገፋውን ወደ ኤ ሬጂስተር ያወጣዋል። ከዛ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ትክክለኛው ሎግ ኤ 7ኤፍ ነው ይላል፣ የእናንተ 6ኤፍ ይላል። ሎጉ የሚያሳየው ከኢንስትራክሽኑ በፊት ያለውን ሁኔታ ስለሆነ ልዩነቱ የታየበት መስመር ንጹህ ነው፣ የሚጠረጠረው ከሱ በላይ ያለው ነው፣ ማለትም ፒኤልኤ። ፒኤልኤን ከፍታችሁ ታዩታላችሁ፣ ምንም የለበትም፣ ስታክ ላይ ያገኘውን ነው ያወጣው። እና? ሎጉ ሬጂስተር እንጂ ስታክ ላይ ያለውን ባይት አያሳይም፣ ስለዚህ ጥፋቱ አንድ መስመር ተደብቆ አልፏል ማለት ነው፣ ወደ ፒኤችፒ ትመለሳላችሁ። በ7ኤፍና በ6ኤፍ መሃል ያለው ልዩነት አንድ ቢት ነው፣ ቢት 4። 6502 በፒኤችፒ ፍላጎቹን ሲገፋ ቢት 4ን 1 አድርጎ ነው የሚገፋው፣ ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን ስራ የሚያስቋርጥበት ጥሪ) መጥቶ ራሱ ሲገፋ ግን 0 ያደርገዋል፣ ለምን ቢባል ኢንተራፕቱን የሚያስተናግደው ኮድ የመጣው ከሃርድዌር ነው ወይስ ብሬክ ከሚባለው ኢንስትራክሽን ነው የሚለውን የሚለየው በዛች ቢት ስለሆነ። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቢት 4 የሚባል እውነተኛ ፍላግ የለም፣ ያለው ስታክ ላይ ብቻ ነው።

የሚገርመው ቴስቱ ራሱ ቀጥሎ ያንን ቢት አጥፍቶ ነው የሚያወዳድረው፣ ስለዚህ ሮሙን ብቻ ብታምኑ አለፍኩ ብላችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ጌም ላይ ምክንያቱ የማይገባ ነገር ይገጥማችኋል። ሎጉ ግን አይለቃችሁም። ለዚህ ነው "ቴስቱ አለፈ" እና "ሎጉ አንድ ነው" የሚሉት ነገሮች ለኔ እኩል የማይመዝኑት።

ፕሮሰሰሩ ካለቀ በኋላ የሚመጡት ባጎች የጊዜ ናቸው፣ እነዚህ ናቸው ሰው የሚያሳብዱት። ኔስ ላይ ፕሮሰሰሩ አንድ ሳይክል ሲሄድ የምስል ቺፑ ሶስት የምስል ነጥብ (ዶት) ይሄዳል፣ አንድ መስመር 341 ነጥብ ነው፣ አንድ ፍሬም 262 መስመር (የአሜሪካና የጃፓኑ ማለቴ ነው፣ የአውሮፓው ይለያል)። ሱፐር ማሪዮ ብሮስን ውሰዱ። ከላይ ነጥብና ሳንቲም የሚታይበት ቦታ ቆሞ ከስር ያለው አለም የሚንቀሳቀሰው ስፕራይት ዜሮ ሂት በሚባል ዘዴ ነው፣ የምስል ቺፑ የመጀመሪያዋን ስፕራይት (ከጀርባው ምስል ተለይታ የምትሳል ትንሽ ምስል፣ እዛች ሳንቲም ስር የተደበቀች ናት) ሲስላት ከጀርባው ምስል ጋር ከተነካካች አንድ ፍላግ ያነሳል፣ ጌሙ ያንን ጠብቆ ነው ከስር ያለውን የሚያንቀሳቅሰው። ይሄን ፍላግ መስራት የረሳ ኢሙሌተር ላይ ጌሙ መጀመሪያው ስክሪን ላይ ቀጥ ይላል። ክራሽ የለም፣ ኤረር የለም፣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ነው።

ምን ታደርጋላችሁ? ፓውዝ አድርጉና አድራሻው የት እንዳለ እዩ፣ አንድ ሁለቴ ደግሙት። ሁሌም እነዛው ሶስት ኢንስትራክሽኖች መሃል ካገኛችሁት ጌሙ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ምን እየጠበቀ? የሚያነበውን አድራሻ እዩ፣ በሄክስ 2002 ነው፣ የምስል ቺፑ ስታተስ፣ ከሱ ላይ ቢት 6ን ብቻ ነጥሎ ያያል። እዚህ ደግሞ ማሪዮ ላይ ሁለት ሉፕ ተከታትለው ነው ያሉት፣ መጀመሪያ የድሮው ፍላግ እስኪጠፋ ይጠብቃል፣ ከዛ አዲሱ እስኪነሳ። የመጀመሪያው ላይ ከተጣበቀ ፍላጉን ማጥፋት ነው የረሳችሁት፣ ሁለተኛው ላይ ከተጣበቀ ማንሳት ነው የረሳችሁት። እዩት፣ አንድም የኢሙሌተር ኮድ ሳትከፍቱ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር አካባቢ እንደሆነ አወቃችሁ። ይሄን ለመለማመድ ሜሰን የሚባለውን ኢሙሌተር አውርዱ፣ ክፍት ኮድ ነው፣ ዲባገሩ ደግሞ እንትን ነው፣ በቃ ምን ልበላችሁ፣ እኔ ያየሁት ምርጡ ነው፣ ትሬስ ሎግ አለው፣ የትኛው ሬጂስተር በየትኛው ነጥብ ላይ እንደተነካ በስእል የሚያሳይ መስኮት አለው። የራሳችሁን ኢሙሌተር ከሱ ጋር እያወዳደራችሁ መስራት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ትልልቆቹ። እዚህ ሙሉ ሎግ ማወዳደር አይቻልም፣ በሰከንድ መቶ ሚሊዮኖች ኢንስትራክሽን የሚሮጥ ነገር ሎግ ስታደርጉ ሃርድ ዲስካችሁ ያልቃል፣ ስለዚህ ሴቲንጎችን በማጥፋትና በማብራት ነው ጥፋቱ ያለበትን ቦታ የምታጠቡት።

ከፋይሉ ጀምሩ። ይሄ በተለይ እኛ ጋ እውነት ነው፣ በፍላሽ እየተገለበጠ የሚዞረው ጌም ብዙ ጊዜ የተነካካ ነው፣ ቪዲዮው ተቆርጦለት፣ የኳስ ቡድኖቹ ተቀይረው፣ ማን ምን እንዳደረገው አይታወቅም። እንደዛ አይነት ፋይል ላይ ባግ ማሳደድ ውሃ ወቀጣ ነው። ዶልፊን የጌሙን ፕሮፐርቲስ ስትከፍቱ ቬሪፋይ የሚል ቦታ አለው፣ የፋይሉን ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር) አስልቶ ትክክለኛ ኮፒ መሆኑን ይነግራችኋል። ኦሪጅናል ከሌላችሁ በነጻ የሚለቀቁ የቴስት ሮሞችና ሆምብሩ (ሰዎች ራሳቸው ለኮንሶሉ የሚሰሩት ጌም) ላይ ስሩ፣ እንደውም ለመማር እነሱ ይሻላሉ። ስለ ህጉ በአጭሩ፣ ኢሙሌተር መስራት ራሱ ወንጀል አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ ሶኒ የፕሌስቴሽን ኢሙሌተር የሰራውን ኮኔክቲክስን ከሶ 2000 ላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቱ ለኮኔክቲክስ ፈርዷል፣ ግን 2024 ላይ የዩዙ (የኒንቴንዶ ስዊች ኢሙሌተር) ሰዎች ከኒንቴንዶ ጋር 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ፕሮጀክቱን ዘግተዋል። የኮንሶል ባዮስ (የራሱ መነሻ ሶፍትዌር) እና የተሰረቀ ጌም የሚለዋወጥበት ነገር ውስጥ አትግቡ፣ ፕሮጀክቶቹም እንደዛ አይነት ነገር ይዞ የመጣን ሰው አያስተናግዱም።

ፋይሉ ደህና ከሆነ ማሳመሪያውን ሁሉ አጥፉ፣ ሬዞሉሽን ማሳደጊያ፣ ቺት፣ ዋይድስክሪን ምናምን። ከዛ ጂት የሚባለውን ወደ ኢንተርፕሬተር ቀይሩት። ጂት ማለት የጌሙን ኮድ በብሎክ በብሎክ ወደ ላፕቶፓችሁ ፕሮሰሰር ቋንቋ የሚቀይር ነው፣ ፈጣን ነው ግን ውስብስብ ነው፣ ኢንተርፕሬተሩ ደግሞ አንድ በአንድ እየፈታ የሚሰራ ኤሊ ነው ግን ብዙ ጊዜ ልክ ነው። በኢንተርፕሬተር ባጉ ከጠፋ ጥፋቱ ጂቱ ውስጥ ነው፣ አለቀ፣ የኮዱን አብዛኛውን ክፍል በአንድ ክሊክ ከጥርጣሬ አወጣችሁት። ምስል ከሆነ የተበላሸው ሶፍትዌር ሬንደረር ላይ ሞክሩት፣ እዛ ትክክል ከወጣ ችግሩ የጂፒዩው ኮድ ወይ ድራይቨሩ ነው፣ ያኔ ሬንደርዶክ በሚባለው መሳሪያ አንድ ፍሬም ይዛችሁ እያንዳንዱ የመሳል ትእዛዝ ምን እንደሳለ ታያላችሁ። ዶልፊን ላይ ደግሞ ፊፎ ሎግ የሚባል ነገር አለ፣ ጌሙ ለግራፊክስ ቺፑ የላከውን ትእዛዝ ብቻ ይቀዳል፣ ከዛ ያለ ጌሙ ደጋግማችሁ ታጫውቱታላችሁ። ባጉ አንዴ እየመጣ አንዴ እየቀረ ካስቸገራችሁ ዱዋል ኮር የሚለውን አጥፉ፣ ፕሮሰሰሩና ጂፒዩው በሁለት ትሬድ ሲሮጡ ማን ይቀድማል የሚለው በየጊዜው ይቀያየራል፣ ሎግ መጨመራችሁ ራሱ ባጉን ሊያጠፋው ይችላል።

"ድሮ ይሰራ ነበር" የሚባል ባግ ካገኛችሁ እድለኛ ናችሁ፣ ጊት ባይሴክት አለላችሁ። የሚሰራውን የድሮ ኮሚትና የማይሰራውን አዲሱን ትነግሩታላችሁ፣ መሃሉን ይሰጣችኋል፣ ቢልድ አድርጋችሁ ይሰራል አይሰራም ትሉታላችሁ፣ እንደገና መሃሉን፣ 1000 ኮሚት ቢሆን 10 ጊዜ ያህል ብትሞክሩ ያበላሸው ኮሚት ላይ ያደርሳችኋል። ኮዱ ምንም ሳይገባችሁ። እዚህ ጋ ግን ፓኬጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በዴፕዝ 1 ክሎን ካደረጋችሁ ታሪኩ ስለሌለ ባይሴክት አይሰራም፣ በሱ ፈንታ ፊልተር በሚለው አማራጭ ብሎብ ኖን ብላችሁ አውርዱ፣ ታሪኩ ሙሉውን ይመጣል፣ የፋይሎቹ የድሮ ይዘት ግን ሲያስፈልግ ብቻ ነው የሚወርደው። ዶልፊን በየጊዜው የሚወጡትን የልማት ቢልዶች ስለሚያስቀምጥ አንዳንዴ ኮምፓይል ሳታደርጉ እነሱን ብቻ እያወረዳችሁ ባይሴክት ማድረግ ትችላላችሁ፣ ላፕቶፑ አሮጌ ለሆነ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፓይል የምታደርጉ ከሆነ ሲሲካሽ (አንዴ ኮምፓይል የሆነውን አስቀምጦ መልሶ የሚጠቀም መሳሪያ) ጫኑ፣ መብራት ሄዶ ቢልዱ መሃል ላይ ቢቋረጥ የተሰራው አይባክንም፣ ሁለተኛው ቢልድም ይፈጥናል። ራማችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በአንዴ የሚሮጡትን ጆቦች ቀንሱ፣ አለዚያ ሙሉ ማሽኑ ይታነቃል።

የቢልዱን አይነት በተመለከተ፣ ዲባግ የሚለው ቢልድ ለትልልቅ ኢሙሌተሮች በጣም ይጎተታል፣ ጌሙ ባጉ ያለበት ቦታ እስኪደርስ ቡና ተፈልቶ ሶስተኛው ይጠጣል። ሬልዊዝዴብኢንፎ የሚባለውን ምረጡ፣ ኦፕቲማይዝ የተደረገ ነው ግን የዲባግ መረጃው አለው፣ አንዳንድ ቫሪያብል ስትጠይቁት ኦፕቲማይዝድ አውት ይላችኋል፣ ቻሉት።

እና ሁሉንም ጀማሪ የሚያስደነግጠው ነገር፣ ዶልፊንን ሊኑክስ ላይ በጂዲቢ ስታስኬዱት ጌሙ እንደጀመረ ሴግመንቴሽን ፎልት ብሎ ይቆማል። ቀጥል ትሉታላችሁ፣ እንደገና ይቆማል። አሃ ባጉን አገኘሁት ትላላችሁ። አላገኛችሁትም። ጂቱ ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው። የጌሙን ሜሞሪ በቀጥታ የላፕቶፑ ሜሞሪ ላይ ይዘረጋውና እያንዳንዱን አድራሻ ሳይፈትሽ በቀጥታ ያነባል፣ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዛ ነው፣ አድራሻው ግን ራም ሳይሆን የሃርድዌር ሬጂስተር ከሆነ እዛ ቦታ ላይ ሜሞሪ ስለሌለ ፎልት ይነሳል፣ ኢሙሌተሩ ፎልቱን ራሱ ይዞ ያንን የጂት ኮድ በዝግተኛው መንገድ ይቀይረውና ይቀጥላል። ፒሲኤስኤክስ2ም ተመሳሳይ ዘዴ አለው። ስለዚህ ጂዲቢን ሃንድል በሚለው ትእዛዝ ሲግሴግቪ (የዚህ ፎልት ሲግናል ስም) ሲመጣ ኖስቶፕ፣ ኖፕሪንት፣ ፓስ በሉት፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እውነተኛው ክራሽ ሲመጣ ኢሙሌተሩ ፎልቱን ስለማያውቀው ፕሮግራሙ ይሞታል፣ ያኔ ባክትሬስ (ክራሹ ላይ ያደረሱት ፋንክሽኖች ዝርዝር) የሚታየው ከኮር ደምፕ፣ ማለትም ሲሞት ከተቀመጠው የሜሞሪ ቅጂ ነው። ወይ ደግሞ ፋስትሜም የሚለውን (ይሄንኑ ዘዴ የሚያበራውን) ሴቲንግ አጥፍታችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ ይዘገያል ግን ጸጥ ይላል።

በመሃል ላይ ያለ መንገድም አለ። ኤምጂቢኤ የሚባለው የጌምቦይ አድቫንስ ኢሙሌተር ውስጡ የጂዲቢ ሰርቨር አለው፣ ስታበሩት ፖርት 2345 ላይ ይጠብቃል፣ ከውጪ በጂዲቢ ስትገናኙት የምታዩት ኢሙሌተሩን ሳይሆን የጌሙን ፕሮሰሰር ነው። ጂዲቢ ለምዶ ሜሰን ላልለመደ ሰው ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ፒፒኤስኤስፒፒም (የፒኤስፒ ኢሙሌተር ነው) የራሱ ዲባገር አለው።

ባጉን አግኝታችሁ ስታስተካክሉ ደግሞ አንድ ፈተና አለ፣ "ጌሙ ይሄ ከሆነ እንዲህ አድርግ" ብሎ ማለፍ። ያንን ጌም ያስኬድላችኋል፣ ሃርድዌሩ ምን እንደሚያደርግ ግን አላወቃችሁም፣ በተመሳሳይ ነገር የተሰበረ ሌላ ጌም ካለም እንደተሰበረ ይቀራል። ማስተካከያው ከቺፑ ባህሪ ነው መምጣት ያለበት። ከዛ ሌሎቹን የቴስት ሮሞች ሁሉ እንደገና አስኪዱ፣ ኔስ ላይ ከሆናችሁ የብላርግ ቴስቶች የሚባሉትን፣ ምክንያቱም የጊዜ ባግ አንዱን ስትነኩት ሌላው ጋ ብቅ ማለት ይወዳል። ለፕሮጀክቱ ስትልኩ ባጉ የሚታይበትን የጌሙን የራሱን ሴቭ ነው የምታያይዙት፣ ሴቭስቴት (ኢሙሌተሩ የማሽኑን ሙሉ ሁኔታ የሚያስቀምጥበት ፋይል) አትላኩ፣ ቨርዥን ሲቀየር አይከፈትም፣ የተበላሸውን ሁኔታም ውስጡ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የኮሚቱ ርዕስ ላይ የጌሙን ስም ሳይሆን ሃርድዌሩ የሚያደርገውን ጻፉ፣ "ፒኤችፒ ቢት 4ን 1 አድርጎ ይገፋል" አይነት፣ ያነበበው ሰው ኮዱን ሳይከፍት እንዲገባው።